«ነይ፣ እራት እንሂድ» በያት

ይህ ደብዳቤ የደረሰኝ ከጅማ ነው። ጸሐፊዋ የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ናት። ረዘም ስለሚል ዋና ዋናውን ብቻ ላቅርበው።

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዓምድዎን የምከታተለው ከእናቴ ጋር ነው። እሷ ደሴ ሆና፣ እኔ እዚህ ሆኜ እናነባለን። ዛሬ ግን ሳልነግራት ነው የጻፍኩልዎት። በግቢያችን ፍሬሾችን፣ ማለትም አዲስ የገቡ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን፣ በአቻ ለአቻ የሚያግዙ ሲኒየር ተማሪዎች ይፈለጋሉ የሚል ማስታወቂያ ወጥቷል። ጓደኛዬ ‹ለዚህ የምትሆኚው አንቺ ነሽ› ብላ ፎርሙን አምጥታ ሰጠችኝ። ይኸው ስምንት ቀኑ፣ ሎከሬ ውስጥ ተቀምጧል። አርብ ይዘጋል።

«ማንን ምን ብዬ ልምከር? ፍሬሽ እያለሁ በመጀመሪያው ሴሚስተር ከ4 ነጥብ 1.85 አምጥቼ ዋርኒንግ (ማስጠንቀቂያ) የወጣብኝ ልጅ ነኝ። አሁን 2.9 ደርሻለሁ፤ ግን ያን ጊዜ የሚያስታውሱ ልጆች አሉ። ሰው ፊት ቆሞ መናገርም አልችልም። የሚመጡት ልጆች ከየቦታው ናቸው። አንዳንዶቹ አማርኛ ብዙ አይችሉም። የእኔም ኦሮምኛ ገበያ ላይ ዋጋ ከመጠየቅ አያልፍም። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የመውጫ ፈተና አለብኝ።

«አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። ከእኛ ዶርም ጎን ፍሬሾች ገብተዋል። አንዷን ሻወር ቤቱ በር ላይ ቆማ ስታለቅስ ሁለት ማታ አይቻታለሁ። ‹ምን ሆንሽ?› ስላት ‹ምንም፣ ደህና ነኝ› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስታየኝ መንገድ ትቀይራለች። ያቺን አንዷን ማናገር ያቃተኝ ሰው ሜንተር (አጋዥ መካሪ) እሆናለሁ ብል አያስቅም? — የደሴዋ ልጅ»

የኔ እህት፣ አያስቅም።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ ዓይኔ የቆመው ሻወር ቤቱ በር ላይ ነው። ውጤትሽም፣ ዓይን አፋርነትሽም፣ የመውጫ ፈተናሽም ይደርሳል። ከዚያች ልጅ እንጀምር።

«ምን ሆንሽ?» ብለሽ ጠየቅሻት። በእኛ አገር የዚህ ጥያቄ መልስ አንድ ነው። አፋችንን ከፈታንበት ቀን ጀምሮ የተማርነው ነው። የታመመም «ተመስገን» ይላል፣ የከሰረም «ተመስገን» ይላል፣ ሐዘን የተቀመጠም «ተመስገን» ይላል። መልካም ልማድ ነው፤ እኔም እላለሁ። ግን ከቤቷ ርቃ ለመጣች የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ በሩን ይዘጋባታል። ልጅቷ አልዋሸችሽም፤ የምታውቀውን መልስ ነው የሰጠችሽ። መንገድ የምትቀይረውም ጠልታሽ አይደለም። ስታለቅስ ስላየሻት አፍራ ነው።

ይህን የምልሽ በግምት አይደለም። እኔ ራሴ እንደዚያች ልጅ ነበርኩ።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በ1998 ነው። ከአርሲ፣ ከትንሽ ከተማ ተነስቼ የተመደብኩት ወደ ሰሜን ነበር። አባቴ አዲስ አበባ ድረስ ሸኘኝና አውቶቡስ አሳፍሮኝ ተመለሰ። ግቢ ስደርስ ቅዳሜ ሆኖ መሽቶ ነበር። ዶርም ተሰጠኝ፣ ፍራሽ ተሸክሜ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ካፌ አልበላሁም። ካፌ የሚያስገባው የምግብ ካርድ የት እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። ልጆቹ ካርዳቸውን እያሳዩ ሲገቡ ከሩቅ አያለሁ። «ይሄን ከየት አመጣችሁት?» ማለት ሦስት ቃል ነው። አልጠየቅኩም። ከትምህርት ቤቴ አንደኛ ወጥቼ የመጣሁ ልጅ ነኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው እኔን ነበር የሚጠይቀው። እናቴ የቋጠረችልኝን በሶ እየበጠበጥኩ፣ ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምኩ ሰነበትኩ። በካርድ ስልክ ጎረቤት ደውዬ እናቴን አስጠራሁና «ተመስገን፣ ምግቡም ጥሩ ነው» አልኳት።

በሦስተኛው ቀን ማታ ከጎናችን ዶርም ያለች ሲኒየር በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። «ምን ሆንሽ?» አላለችኝም። «በልተሻል ወይ?» አላለችኝም። ለዓመታት እንደምታውቀኝ ሁሉ «ነይ፣ እራት እንሂድ፤ ብቻዬን መሰለፍ አልወድም» አለችኝ። ካርድ የለኝም አልኳት። «ዛሬ የኔን ተካፍለን እንበላለን፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እወስድሻለሁ» አለች። ወሰደችኝ። ካርዱን ለማውጣት አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ያቺ ልጅ ያደረገችውን የገባኝ ቆይቶ ነው። ችግሩን ከእኔ ላይ አንስታ ወደ ራሷ ወሰደችው። መሰለፍ የማትወደው እሷ፣ ጓደኛ የፈለገችው እሷ። እኔ የተረዳሁ ሳልሆን የረዳኋት መሰለኝ። ሳላፍር ተነስቼ ተከተልኳት።

ለዚህ ነው ሜንተርነት ከምክር በፊት ቀድሞ መሄድ ነው የምልሽ። ፍሬሽ ልጅ ወደ አንቺ አትመጣም። ቢሮ ተከፍቶ፣ ስምሽ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ «ለማንኛውም ጥያቄ» ተብሎ ስልክ ቁጥርሽ ቢጻፍም አትመጣም። መሄድ ያለብሽ አንቺ ነሽ።

የዛሬዎቹ ደግሞ ከእኛ የባሰ ሸክም አለባቸው። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። ይህ ማለት አጠገብሽ የተኛችው ልጅ ከመንደሯ ብቸኛዋ አላፊ ልትሆን ትችላለች። ስትሸኝ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ መርቋታል፤ ብር አዋጥቶላት ይሆናል። እንዲህ ሆና የመጣች ልጅ «ክፍሉ ውስጥ የሚወራው አይገባኝም» ብላ ለማን ትናገር? በሪሚዲያል (በማካካሻ ትምህርት) አልፈው የመጡት ደግሞ ሌላ ሐፍረት አለባቸው። «እኔ እኮ በሪሚዲያል ነው የገባሁት» ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ለወራት ለፍተው ያለፉ ልጆች ናቸው። ይህን ፊት ለፊት ብትነግሪያቸው ደስ ይለኛል።

እና ምን ብለሽ ትጠይቂያታለሽ? በ«ተመስገን» ሊመለስ የማይችል ነገር። «ዛሬ ምሳ ምን ነበር?» «ከማን ጋር ተቀመጥሽ?» «ሎጂክ ስንተኛ ቻፕተር ደረሳችሁ?» «እሁድ የት ዋልሽ?» ምሳ አልወረድኩም ካለች ያ አንድ ነገር ነው። የተቀመጥኩት ብቻዬን ነው ካለች ሌላ ነው። እሁድን ሙሉ ተሸፋፍና ተኝታ ከዋለች ደግሞ ሦስተኛ ነው፤ እሱን በኋላ እመለስበታለሁ።

ከጥያቄም የሚሻለው አብሮ መሥራት ነው። ቅዳሜ ልብስ ስታጥቢ ጥሪያት። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ ሳሙና እያሸ ዓይን ለዓይን አይተያይም። ያኔ ብዙ ነገር ይወጣል። ሰው ፊት መናገር አልችልም ላልሽውም መልሱ እዚሁ ላይ ነው። ማን መድረክ ላይ ውጪ አለሽ? ይህ ሥራ የሚሠራው ካፌ ሰልፍ ላይ፣ ማጠቢያው ጋ፣ ከላይብረሪ ወደ ዶርም ስትመለሱ ነው። ዝምተኛ ሰው ደግሞ ያዳምጣል። ብዙ የሚያወሩ ሜንተሮች አይቻለሁ፤ ፍሬሾቹ አንገታቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ።

የመጀመሪያው ሳምንት ግን ወሬ አይደለም የሚፈልገው፤ እግር ነው። ሪጅስትራር የት ነው፣ አይዲ የት ይወጣል፣ ክሊኒክ ለመታየት ምን መያዝ ያስፈልጋል፣ የብሎኩ ፕሮክተር (የዶርም ተቆጣጣሪ) ማን ናት፣ የክፍሉ ተጠሪ ማነው፣ የሴክሽኑ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገብታለች ወይ። በተለይ የመጨረሻውን እንዳትረሺ። ዘንድሮ ስልኳ ቴሌግራም የማይጭንላት ልጅ ኩዊዝ ያመልጣታል፤ የክፍል ለውጥ ሳትሰማ ባዶ አዳራሽ ትቀመጣለች። «እዚያ ጋ ነው» ብለሽ በጣት አታመልክቺ። አብረሻት ሂጂ።

አሁን ወደ 1.85 እንምጣ።

ይህ ቁጥር ፎርሙን እንዳትሞዪ የሚከለክልሽ መስሎሻል። እኔ ፎርሙ ላይ መጀመሪያ የምጽፈው እሱን ነው። 3.9 ያላት ሲኒየር ፊት «ሚድ ከ30 ዘጠኝ አመጣሁ» ብሎ መናገር ለፍሬሽ ከባድ ነው። አንቺ ፊት ይቀላል። አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። የወደቅሽበትን ታሪክ ለማጽናኛ ብቻ አትንገሪያት። «እኔም ወድቄ ነበር፣ አይዞሽ» ብሎ ማለፍ ለአንድ ማታ ይሆናል፤ ጠዋት ሌክቸሩ መልሶ አይገባትም። እሷ የሚያስፈልጋት እንዴት እንደተነሳሽ ነው፣ በዝርዝር። ምን ቀየርሽ? ከማን ጋር ማጥናት ጀመርሽ? የቱን አስተማሪ ቢሮው ድረስ ሄደሽ ጠየቅሽ? ሌሊት ሙሉ መቸከል ትተሽ መቼ ነው በቀን ማንበብ የጀመርሽው? ቁጭ ብለሽ አስታውሺውና ጻፊው። አንቺ ያለሽ ሀብት ይኼ ነው።

ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዢ። ሚድ (የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና) 30፣ አሳይመንትና ኩዊዝ 20፣ ፋይናል 50 የሚይዝ ኮርስ ነው እንበል። ልጅቷ ሚድ 12 አመጣች፤ አሳይመንትና ኩዊዙ ተደምሮ 15። እሷ በልቧ ወድቃ ጨርሳለች። ወረቀቱ ግን 27 ነው የሚለው። ሲ ከ50 የሚጀምር ከሆነ ከፋይናሉ የሚያስፈልጋት 23 ነው፤ ከ50 ውስጥ 23። ሲ ፕላስ ከ60 ከሆነ 33 ይበቃታል። ቢ ከ70 ከሆነ 43 ይፈልጋል። ያ ይከብዳል፤ እሱንም ደብቀሽ አታሳልፊ፣ እውነቱን ንገሪያት። ፍርሃት ቁጥር ሲሆን ይቀንሳል። ሌሊት ሙሉ «አለቀልኝ» ስትል የነበረች ልጅ «23 ነው የሚቀረኝ» ብላ ስትተኛ አይቻለሁ።

ክሬዲቱንም አሳያት። ብዙዎቹ የፍሬሽ ኮርሶች ባለ 3 ክሬዲት ናቸው። አምስት እንዲህ ያለ ኮርስ ብትወስድ 15 ክሬዲት ነው። አንዱን ብቻ ከሲ ወደ ቢ ብታነሳው፣ ሌላው ሁሉ ባለበት ቢቆም እንኳ ጂፒኤዋ (አማካይ ውጤቷ) በ0.2 ይጨምራል። የአንቺን እናስላው። 1.85 ላይ 0.2 ሲጨመር 2.05። በእንዲህ ያለ ሴሚስተር አንቺን ከዋርኒንግ ሊያድንሽ ይችል የነበረው አንድ ኮርስ ነበር ማለት ነው። ያኔ ይህን ቁጭ ብሎ ያሰላልሽ ሰው ነበር? አልነበረም ብዬ እገምታለሁ። ቢኖር ኖሮ ዛሬ በዚህ ቁጥር አትሸማቀቂም ነበር።

አንድ ሌላ ነገርም ቀደም ብለሽ ንገሪያቸው። የፍሬሽ ዓመት በ2012 ዳግም ከተጀመረ ወዲህ ዲፓርትመንት የሚመረጠው በኋላ ነው፤ በውጤት ተወዳድሮ ነው። ብዙዎቹ ይህን የሚሰሙት ውድድሩ ደርሶ ነው። «ሳይኮሎጂና ጂኦግራፊ ምን ያደርግልኛል፣ እኔ የመጣሁት ለኢንጂነሪንግ ነው» ብላ ኮርሱን የምታቃልል ልጅ፣ ኢንጂነሪንግ የምትገባው በዚያው ኮርስ ውጤት ጭምር መሆኑን ኅዳር ላይ ካላወቀች ሰኔ ላይ ማወቋ አይጠቅማትም።

አሳይመንት ግን አትሥሪላት። ገንዘብም አታበድሪ፤ ለሻይና ለዳቦ ካልሆነ በቀር። ብር ከገባ በኋላ ልጅቷ እንደገና መንገድ መቀየር ትጀምራለች፤ በዚህ ጊዜ መመለስ ስላቃታት።

አሁን ለመጻፍ የሚከብደኝ ጋ ደረስኩ።

ሦስተኛ ዓመት ሆኜ እኔም ፍሬሾችን አግዝ ነበር። ደብተር የያዘ፣ ስም የተሰጠው ነገር አልነበረም፤ እንዲሁ በራሳችን ነው። አንዷ ልጅ በጣም ቀረበችኝ። አንድ ማታ ዶርም ሰው እስኪወጣ ጠብቃ አንድ አስተማሪ ውጤቷን «እንዲያስተካክልላት» ከሥራ ሰዓት ውጭ ቢሮው እንድትመጣ እየነገራት መሆኑን ነገረችኝ። ሁለት ጊዜ ደውሎላታል። ከመናገሯ በፊት ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች። ማልኩ። «አትሂጂ፣ ተጠንቀቂ» አልኳት። መሐላዬን ጠበቅሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ያንን ታማኝነት ብዬ ቆጠርኩት።

ሁለተኛው ሴሚስተር ሳያልቅ ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። ለማንም አልነገረችም፤ ለእኔም። በሪጅስትራር በኩል ዊዝድሮዋል (የትምህርት ማቋረጫ ፎርም) አልሞላችም። በኋላ ልመለስ ስትል ያ ነገር እንቅፋት እንደሆነባት ሰማሁ። አስተማሪው ማስተማሩን ቀጠለ። ይህ ከሆነ ስንት ዓመቱ፣ እኔ ግን ያቺን ማታ እስከ ዛሬ አልረሳሁም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የጋቢዬን ጥለት በጣቷ ስትከተል ነበር።

ከዚህ የተማርኩትን ሁለት ነገር ስጪልኝ ለፍሬሾችሽ።

አንደኛው፣ ሙሉ ሚስጥር ቃል አትግቢ። ገና በመጀመሪያው ሳምንት፣ ምንም ሳይፈጠር፣ እንዲህ በያት፦ «የምትነግሪኝን ለማንም አላወራም። ሕይወትሽ ወይም ደህንነትሽ አደጋ ላይ ከሆነ ግን ብቻዬን አልይዘውም፤ አስቀድሜ ለአንቺ ነግሬሽ፣ አብረን ወደሚረዳሽ ሰው እንሄዳለን።» ቀድመሽ ካልሽው ክህደት አይሆንም። ከዚያ እነዚያን ሰዎች አሁኑኑ እወቂያቸው። ጀንደር ቢሮ ውስጥ ማን ናት የምታዳምጠው? የተማሪዎች ዲን ቢሮ የት ነው? ክሊኒኩ ማታ ማን አለ? የምክር አገልግሎት የሚሰጠው ባለሙያ በየትኛው ቀን ይገኛል? ቢሮው መኖሩን ማወቅ አይበቃም። ሰውየውን ወይም ሴትየዋን በዓይን እወቂ፣ ሰላም በያቸው፣ ስልካቸውን ያዢ። ጉዳዩ የመጣ ማታ መፈለግ አትጀምሪ። ሁሉም ቢሮ እኩል አይሠራም፤ አንዱ ካልሰማሽ ሌላውን አንኳኪ።

እሁዱን ሙሉ ተሸፋፍና የተኛችውም እዚህ ላይ ነው የምትመጣው። አንድ እሁድ ድካም ነው። ተደጋግሞ ሲመጣ፣ ምግብ ስትተው፣ ገላዋን መታጠብ ስትተው፣ ክፍል ስትቀር፣ ያ ናፍቆት ብቻ ላይሆን ይችላል። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከአፏ ከወጣ ደግሞ «እንዲህ አይባልም» ብለሽ አትገሥጫት። ቀልድ ነው ብለሽም አትለፊው። «ራስሽን ለመጉዳት አስበሻል ወይ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂያት። መጠየቅሽ ሐሳቡን አያመጣባትም፤ ብቻዋን ከመያዝ ያወጣታል። ያን ማታ ብቻዋን አትተዪያት። ፕሮክተሯን አስነሺ፣ ክሊኒክ ውሰዷት። ጸሎቷንና የሃይማኖት አባቷን የምትፈልግ ከሆነ መልካም ነው፤ ከሐኪም ጋር ጎን ለጎን ይሁን። ይህ ከአንቺ አቅም በላይ ነው፤ መሆንም አለበት። አንቺ ድልድይ ነሽ እንጂ ሐኪም አይደለሽም።

ሁለተኛው ያ የዊዝድሮዋል ፎርም ነው። መሄድ የፈለገችን ልጅ በግድ አታስቀሪያትም። ታማም፣ ቤተሰብ ተቸግሮም፣ አልቻልኩም ብላም ልትሄድ ትችላለች። ግን ዝም ብላ አውቶቡስ ከመሳፈሯ በፊት ሪጅስትራር ሄዳ ዊዝድሮዋል ትሙላ። ሕመም ከሆነ የክሊኒኩን ወረቀት ታያይዝ። ሞልታ የወጣችና ሳትሞላ የጠፋች ልጅ ልትመለስ ስትል አንድ አይደሉም። የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። በዚያ ጠዋት ከጎኗ ቁሚ።

ስለ ቋንቋው። ኦሮምኛሽ ገበያ ላይ ዋጋ መጠየቅ ከቻለ ጥሩ ጀምረሻል። የሶማሌዋን ልጅ «ኢስካ ዋራን» በያት፤ የትግራይዋን «ከመይ ኣለኺ»፤ የወላይታዋን «ሳሮ»፤ የኦሮሞዋን «አካም ጅርታ»። አነጋገርሽ ይበላሻል፣ ይስቁብሻል፣ ያርሙሻል። ያ ሳቅ ጥሩ ነው፤ አሁን አስተማሪዋ እሷ ናት። አማርኛዋ ተሰባብሮ በሚመጣ ልጅ ላይ ግን አንቺም አትሳቂ፣ ሌላውም ሲስቅ ዝም አትበዪ። ቀስ ብለሽ አውሪ። ከማኅበርሽ፣ ከጉባኤሽ፣ ከፌሎሺፕሽ ወይም ከጀመዓሽ ጋር ሜንተርነቱን አታቀላቅዪ። ልጅቷ የምትሄድበትን ራሷ ታውቃለች። ግቢዎቻችን በብሔር ሲታመሱ የየዶርሙ ልጆች ምን ያህል እንደሚፈሩ አንቺም ታውቂያለሽ። እንዲህ ባለ ቀን በቋንቋዋ ሰላም ያለቻት ሲኒየር ለአንዲት ፍሬሽ ትልቅ ነገር ናት።

ወንድ ሜንተሮችም ይኖራሉ ብዬ ስለማስብ ለእነሱ አንድ ቃል ንገሪልኝ። ፍሬሽ ሴቶች ግቢ ከመግባታቸው በፊት «ሲኒየር አግዝሻለሁ ሲልሽ ተጠንቀቂ» ተብለው ነው የሚመጡት። ምክንያት አለው። በእገዛ ስም የሚጀመር ጠበሳ የስንቷን ልጅ ዓመት አበላሽቷል። መገናኘት ከሆነ ሰው በሚበዛበት፣ በቀን፣ ላይብረሪ ወይም ላውንጅ ይሁን።

ጊዜሽን በተመለከተ፣ የመውጫ ፈተና ከ2015 ጀምሮ ለተመራቂ ሁሉ ግዴታ ሆኗል፤ ቸል አትበዪው። ፎርሙን ስትመልሺ ከአራት ልጅ በላይ አልቀበልም በይ። ሰው ሞልቶበት ስም ብቻ የያዘ ሜንተር ለማንም አይጠቅምም። ድሮ ተማሪዎች አንድ ለአምስት ተደራጅተው ይረዳዱ ሲባል እኔ ባየሁበት ቦታ ፊርማ መሰብሰብ ሆኖ ቀርቷል፤ እንደዚያ እንዳይሆንብሽ። በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ ቀኑ የታወቀ፣ ቅዳሜ ከቁርስ በኋላ ቢሆን ደስ ይለኛል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ላይ ግን አትሰስቺ። ሚድ ከመድረሱ በፊት ባለው ሳምንትና ውጤት በሚለጠፍበት ቀንም አትጥፊ። ውጤት የሚወጣ ቀን ማታ በየዶርሙ መዞር ከሁሉም የሚበልጥ ሥራ ነው። የራስሽ ፋይናል ሲደርስ ደግሞ «ለሦስት ሳምንት አልገኝም፤ አስቸኳይ ከሆነ እዚህ ሂዱ» ብለሽ በግልጽ ንገሪያቸው። ይረዱሻል።

ለእናትሽም ንገሪያት። አብራችሁ የምታነቡ ከሆነ ይህን ዓምድ ስታይ ደብዳቤው የማን እንደሆነ ታውቃለች። እናት ናት። ምናልባት 1.85 የመጣ ጊዜም ስልክ ላይ «ተመስገን» ብለሻት ይሆናል።

ፎርሙን ሐሙስ ሙዪውና አርብ ጠዋት አስገቢ። ያቺ ልጅ ግን አርብን አትጠብቅም። ዛሬ ማታ ካፌ ከመውረድሽ በፊት በሩን አንኳኪ። ስላየሽው እንባ ምንም አታንሺ። «ነይ፣ እራት እንሂድ፤ ጓደኞቼ ትተውኝ ወርደዋል» በያት። እምቢ ብትል አትከራከሪያት። «እሺ፣ ነገ ደግሞ አመጣለሁ» በዪና ሂጂ። ነገም አንኳኪ። እኔ በሦስተኛው ቀን ነው የተነሳሁት።

ስሟን ስታውቂ ጻፊልኝ። ስሙን ለእኔ አትንገሪኝ፤ አወቅሁት ብቻ በይኝ።